ሲሶ የት አለ?

ኅዳር 3

ጠዋት ግድቡ ዳር በሆዴ ተኝቼ ነበር። እንደ ወትሮው። ሳሩ እርጥብ፣ ሹራቤ እስከ ብብቴ ውሃ። የዛሬው ደንበኛ አጭር እግር ያለው ቡናማ ውሻ ነው፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። እሱ እንደዛ ከሆነ እኔም መውረድ አለብኝ... ከላይ ቆመሽ ያነሳሽው ውሻ የሆነ ሰው ዕቃ ነው የሚመስለው። ከዓይኑ እኩል ወርደሽ ስታነሺው ግን ራሱን ይሆናል። ይሄን ማንም አላስተማረኝም። የፎቶ ትምህርት ቤት በራፍ አልረገጥኩም። በክርኔ ነው የተማርኩት።

አንድ ሯጭ አጠገቤ ቆመ። "እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?"

"ትዕግስቴ።"

ሩጫውን ቀጠለ። ብልህ ሰው።

የኔ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ ሁለት ነው። ብርሃኑ ሳይከር፣ ሰው ሳይበዛ። ከዛ ቤቴ እገባና ኮምፒውተር ላይ ገመዱን አጠፋለሁ፣ ለሃጩን እጠርጋለሁ። ባለቤቶቹ "እንዴት ሳይታሰር ቁጭ አለልሽ!" ይላሉ። ዝም። ሙያ በልብ ነው።

ከሰዓት ወንድም ጋሼ ደወለ። ታላቄ ነው፣ ባለ ስቱዲዮ። ዘጠኝ ዓመት መብራት ያዥው ነበርኩ። "እሺ፣ ውሾችሽ እንዴት ናቸው?" አለኝ። ልጆችሽ እንዴት ናቸው እንደሚባለው አይደለም... ሳልሽ እንዴት ነው እንደሚባለው።

"ካንተ ሙሽሮች ይሻላሉ" አልኩት። "ቢያንስ ቦርጬን አጥፊልኝ አይሉም።"

ስልኩን ስዘጋ ቆሽቴ አርሯል። ሻይ አፈላሁ። ቡናማውን ውሻ ከፍቼ አየሁት... አፍንጫው ጫፍ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ፣ ውስጧ ሰማይ አለ። ተረጋጋሁ። ጥሩ ቀን ነበር እንግዲህ።

ኅዳር 5

የእንስሳት ሐኪሟ አስጠራችኝ! አዲሱ ክሊኒክ አልቋል፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። በሩን ስትከፍቺ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ባዶ ግድግዳ አለ። "እዚህ አንድ ፎቶ ብቻ ነው የምሰቅለው" አለች። "ከሥሩ ስምሽ ይጻፋል።"

የማንን ውሻ? የአንዲት መምህርን ሁለት ጥቁሮች። ሐኪሟ የሰው ጋራዥ ውስጥ ሥራ ስትጀምር የመጀመሪያ ታካሚዎቿ እነሱ ናቸው። "ጎን ለጎን፣ ሜዳ ላይ፣ ሁለቱም እያዩ። ምረቃው ሃያ ስምንት ነው።"

እሺ ልል አፌን ስከፍት...

"ወንድምሽም ጠይቆኛል። ስቱዲዮ አስገብቶ ሊያነሳቸው።"

ምን?! "ውሻ ማንሳት ሥራ ነው እንዴ?" ሲል የኖረው ሰውዬ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!

"ለኔ ነው የምትሰጪኝ" አልኳት። ልመና መሆን ነበረበት፣ ከአፌ ሲወጣ ትዕዛዝ ሆነ። ደግነቱ ሳቀች። "እስከ ሃያ አምስት አምጪልኝ። ካልሆነ ለሱ ነው።"

ያንን ግድግዳ እፈልገዋለሁ። በጣም። ለምን ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ስሜ ስለሚጻፍ? አይደለም... ወንድም ጋሼ በዛ በር ሲገባ ፊቱን ማየት ስለምፈልግ ነው። በቃ። እዚህ ደብተር ላይ እውነቱን ካልጻፍኩ የት ልጽፍ? አልዋሽም።

ኅዳር 9

ከግድቡ ማዶ ያለው ሜዳ። ከኋላ ጥዶቹ፣ ጭጋጉ ገና ተኝቷል። ከእኛ በቀር ማንም የለም።

መምህሯ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ። ውሾቹ ወንድማማች፣ በአንድ ቀን የተወለዱ፣ ጥቁር በጥቁር። አንዱ ሲሶ፣ ሌላው ሩብ።

"ምን ዓይነት ስም ነው እትዬ?"

"ቡችላ ሆነው ወተት ስሰጣቸው አንዱ ሲሶውን፣ አንዱ ሩቡን ነበር የሚጠጣው።"

"የቀረውስ?"

"ይደፉታል።"

ባለቤቴ ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ ይዞ ቆሟል። ሹፌር ነው፣ የእረፍት ቀኑ ግን የኔ ነው። ሩብ የተባረከ... ካሜራ ሲያይ ደረቱን ነፍቶ ቁጭ። ሲሶ ግን አያይም። አፏጨሁ። እንደ ድመት አለቀስኩ። ላስቲክ አንኮሻኮሽኩ። የምትጮኸዋን የጎማ ዳክዬ ጨመቅኩ። አንድ ድምፅ የሚሠራው አንዴ ነው፣ ውሻ ሁለተኛ አይሞኝም። በየድምፁ ሩብ ጆሮውን ያቆማል፣ ሲሶ ፊቱን ወደ ጥዶቹ ያዞራል።

"እኔም ልሸሽ ነው" አለ ባለቤቴ።

መሃል ላይ ወፍ አባረው ሄዱ። ተመለሱ፣ መልሰን አስቀመጥናቸው።

ግድ የለም። ካሜራው ማቆሚያው ላይ ነው፣ አይነቃነቅም። መቶ ምናምን አነሳሁ። ከአንዱ የሩብን ፊት፣ ከሌላው የሲሶን እወስድና ቤት ገብቼ አንገት ለአንገት እገጥማለሁ። በኛ ሥራ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። ሁለት ውሻ እኩል ያየበት ቀን የለም።

ኅዳር 10

ተገጠመ! በግራ ያለው አንዴ ቀጥ ብሎ አይቶልኛል ለካ። አንዴ ይበቃል። ስፌቱ በመርፌም አይገኝም። ባለቤቴን ጠራሁት። "የቱ ጋ ነው የተቀጠለው?" ብዬ። አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ፈለገ። አጣ። ለምሳ ሁለት ዕንቁላል ጨመርኩለት።

ኅዳር 12

ሐኪሟ አየችው፣ ጮኸች። "እነሱው ናቸው!"

ያንን የሚያህል ፎቶ የሚያትም ማሽን ያለው ወንድም ጋሼ ጋ ብቻ ነው። ምን ይደረግ... ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ። ወረቀቱ ከማሽኑ ቀስ እያለ ሲወጣ አጠገቤ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ ጥዶቹ፣ ከዛ ጆሮዎቹ፣ ከዛ ዓይኖቹ።

"ማነው ያነሳው?"

"መብራት ያዥህ።"

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ጎንበስ አለ። ቆየ። "ንጹህ ሥራ ነው" አለ። "እኔ እንዲህ አላነሳቸውም ነበር።"

ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም! ጠቅልዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለብቻዬ ስስቅ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች።

ኅዳር 14

ትንሹን ቅጂ ይዤ መምህሯ ቤት ሄድኩ። ጠባብ ሳሎን፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ፣ ያላለቀ የክፍልፋይ ሂሳብ ተጽፎበታል። ውሾቹ ምንጣፉ ላይ ተጋድመዋል። ሻይ መጣ።

መነጽራቸውን አደረጉ። አዩ። ፈገግ አሉ። ከዛ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ሲሶ የት አለ?"

"ይኸው፣ በግራ።"

"ይሄ ሩብ ነው።"

"ሩብ እኮ በቀኝ ያለው ነው እትዬ።"

"እሱም ሩብ ነው።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ልጄ፣ ሁለት ውሻ ነው የሰጠሁሽ። አንዱን ሁለት ጊዜ መለስሽልኝ።"

እኔ ደግሞ ተነሳሁ። ስድስት ዓመት ውሻ ዓይን ውስጥ ኖሬያለሁ አልኳቸው። የራሳቸው ሐኪም አውቃቸዋለች አልኳቸው። ባለ ስቱዲዮው እንኳን መስክሯል አልኳቸው።

"እሺ" አሉ። "እሺ ልጄ። ሻይ ልጨምርልሽ?"

እሺ ማለታቸው ነው የገደለኝ።

ኅዳር 15

ሴትዮዋ ዓይኗ ደክሟል! (ዛሬ እሳቸው የለም፣ ተናድጃለሁ።) ጥቁር ውሻ ጥቁር ውሻ ነው፣ ፎቶ ላይ ሲሆን ብርሃን ይለያያል፣ ይሄን የማታውቅ ሰው... ቁርስ ላይ ይሄን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኩት። ዳቦውን እያኘከ ሰማ።

"ኦሪጅናሎቹን አይተሻል?"

"ለምን አያለሁ? ትክክል ነኝ!"

"ትክክል ከሆንሽማ ማየት ምን ይጎዳል።"

ይሄ ሰው በቀን አሥር ቃል ነው የሚናገረው። ዘጠኙ ይወጋል።

ኅዳር 16

ሁለቱም ሩብ ናቸው።

ኅዳር 17

እስቲ በደንብ ልጻፈው። ሲሶ አገጩ ሥር ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ሩብ የለውም። እሳቸው ያዩት ይሄን ይሁን ሌላ አላውቅም። ያቺን ወፍ አባረው ሲመለሱ ቦታ ተቀያይረዋል። እኔ ግን በግራ ያለ ሁሉ ሲሶ ነው ብዬ... "አንዴ አይቶልኛል" ያልኩት ጭንቅላት የሩብ ነበር። የሩብን ጭንቅላት ሲሶ አንገት ላይ ገጥሜ፣ አሳትሜ፣ ለሰው አሳየሁ። ከሲሶ እዛ ፎቶ ውስጥ የቀረው ትከሻው ብቻ ነው።

ማን ያውቃል? ሐኪሟ አላወቀችም። ወንድም ጋሼ፣ ያ ሁሉ ዓመት ፊት ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ አላወቀም። ስሜ ሊጻፍ ነው። "ንጹህ ሥራ" ተብያለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ዝም ብልስ? አንድ ጠዋት ሙሉ እንዲህ ሳስብ ዋልኩ። ማሰቤንም ልጻፈው፣ እውነት ነውና።

ከሰዓት ስልክ። መምህሯ። ይቅርታ ሊጠይቁኝ!

"ያን ቀን ክፉ ተናገርኩሽ ልጄ። ስቀይው። ለሐኪሟም ለማንም አልናገርም። ሥራሽ እንዳይበላሽ።"

ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ። ለስድብ መልስ አጥቼ አላውቅም። ለዚህ ምን ይመለሳል?

"ሲሶ ምን እያደረገ ነው?" አልኩ። ለምን እንደጠየቅኩ እንጃ።

"እግሬ ሥር ነው" አሉ።

ኅዳር 18

መጀመሪያ ሐኪሟ ጋ። ነገርኳት። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ፎቶውን አየች። "በስማም! እኔ ሐኪማቸው ሆኜ?" ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ለማንም እንዳትነግሪብኝ።" ከኔ ይልቅ እሷ አፈረች። ቀኑ ግን አይቀየርም አለች። ሃያ አምስት።

ከዛ ስቱዲዮ። ይሄኛው ነው የከበደኝ። ማሽኑን እየጠረገ ነበር።

"ፎቶው ስህተት ነው። አንዱ ውሻ የለበትም።"

አስረዳሁት። ሳቀ። "ማን አወቀ?"

"መምህሯ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"አንዲት አሮጊት? አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ? እኔ የሙሽራ ጥርስ ከሚዜዋ ወስጄ ገጥሜ አውቃለሁ። ተመርቃ፣ ወልዳ፣ ከብዳ እየኖረች ነው!"

"እኔ አልሰቅለውም።"

"እንግዲያው እኔ እሰቅላለሁ" አለ። "አምጥተው ስቱዲዮ ያስገቡልኝ፣ በአሥር ደቂቃ ነው የምጨርሳቸው።"

ወጣሁ። በሩን በዝግታ ዘጋሁት፣ መስታወት ነው። አንዴ ብቻ ጎበዝ ተብዬ እሱንም ራሴ መለስኩት... ሞኝ ነኝ? ግን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ከኅዳር አሥራ አራት ወዲህ የጣመኝ ምግብ ይሄ ነው።

ኅዳር 20

ምንም። ጥሩምባ ገዝቼ ሄጄ ነበር፣ የብስክሌት። ሲሶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። መምህሯ "እሱ ጩኸት አይወድም" አሉ። አሁን ነው የሚነገረኝ? "አልጠየቅሽኝማ" አሉ።

ኅዳር 23

ይሄን ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጭጋግ። ሜዳው ዝም ብሏል፣ ውሃው ዝም ብሏል። ዝቅ ብዬ፣ ካሜራውን ፊቴ ላይ ደግኜ፣ አንድ ሰዓት። ሩብ ቁጭ። ሲሶ ወደ ጥዶቹ። እጄ ደነዘዘ። ነገ ካልታተመ ግድግዳው የሱ ነው።

ተውኩት። ካሜራውን አጭሩ ማቆሚያ ላይ አስቀመጥኩና ከጎኑ ሳሩ ላይ ዘፍ አልኩ። መምህሯ ከፔርሙዛቸው ሻይ ቀዱልኝ። "ያ ግድግዳ ይሄን ያህል ምንሽ ነው?" አሉኝ።

ምኔ ነው?... ጀመርኩላቸው። ከመጀመሪያው። ወንድም ጋሼ መብራቱን ሲያስይዘኝ እጄ ይቃጠል እንደነበር። አንድ ቀን እሱ ታሞ አንድ ሙሉ ሠርግ እኔ እንዳነሳሁ፣ አልበሙ ላይ የሱ ስም እንደወጣ። ሙሽራዋ መጥታ እሱን ስታመሰግን እኔ እዛው ቆሜ ሽቦ ስጠቀልል እንደነበር። እሱም ዞር ብሎ እንዳላየኝ። ይሄንን ለባለቤቴ እንኳን ነግሬው አላውቅም። አልጮህኩም። ዝም ብዬ ነው የማወራው።

"ልጄ" አሉ መምህሯ በሹክሹክታ። "እይ።"

ሲሶ ዞሯል። እያየኝ ነው። አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ አገጩ ሥር ያለው ሽበት እየታየ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ ፊቴ ላይ። ሩብ ከጎኑ እንደ ወትሮው ወደ ካሜራው።

"ወሬ ይወዳል" አሉ። "ልጆች ሳስጠና ከሰሌዳው ሥር አይነሳም። ፊትሽን በዛ ዕቃ ሸፍነሽበት እኮ ነው። ማን እንደሚያወራው ሳያይ አይሰማም።"

ካሜራውን ከርቀት የምታስነሳዋ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አወጣኋት። ካሜራውን ቀና ብዬ አላየሁም። ወሬዬንም አላቆምኩም፣ እንዴት አቆማለሁ! ስለ አልበሙ እያወራሁ ተጫንኩ። ስለ ሽቦው እያወራሁ ተጫንኩ።

ባለቤቴ ሰሌዳውን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ወደ መኪናው ስንሄድ "ከኔ ሌላ የሚሰማሽ ተገኘ" አለኝ። በሩን ሲከፍትልኝ ደግሞ፣ "የአልበሙን ለምን አልነገርሽኝም?"

እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዞ ነበር።

ኅዳር 24

አንዷን መረጥኩ። አንዲት ፎቶ፣ ሙሉ፣ ከማንም ምንም ያልተገጠመባት። ሲሶ ሌንሱን አያይም፣ ትንሽ ወደ ጎን ነው። ማንም የሠለጠነ ሰው ስህተት ነው ይላታል። ሦስት ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን ላዞረው እጄ ሄደ... ሦስቴም መለስኩት።

ስቱዲዮ ስሄድ ወንድም ጋሼ አልነበረም። ሠራተኛው አተመልኝ። ጠቅልዬ ቀጥታ ሐኪሟ ጋ።

ኅዳር 28

ምረቃው። ፎቶው ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ስሜ አለ። ፊደሉ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ሰው እንደ ጉድ ነው፣ ውሻውም እንደ ጉድ፣ አንድ ድመት መድኃኒት መደርደሪያው አናት ላይ ወጥቶ አልወርድም ብሏል።

መምህሯ ውሾቹን ይዘው መጡ። ፎቶው ፊት ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን አንስተው በግራ ያለው ላይ፣ "ሲሶ"። በቀኝ ያለው ላይ፣ "ሩብ"። መነጽራቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። በቃ። ትከሻዬን ግን አልፈው ሲሄዱ መታ አደረጉት።

ከዛ ወንድም ጋሼ ገባ።

ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቅኩት ፊት! ሲገባ ግን እኔ ድመቱን ለማውረድ ወንበር ላይ ቆሜ ስለነበር አላየሁትም። ስወርድ ፎቶው ፊት ቆሞ ነበር፣ ሻይ በእጁ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ።

"የግራው ሌንሱን አያይም" አለ።

"አያይም።"

"ያኛው ይሻል ነበር።"

"ያኛው ላይ እሱ የለበትም።"

ጎንበስ ብሎ ቀረበ። እንደዛ ሲያይ አውቀዋለሁ፣ ፎቶ ከወደደ ይተነፍሳል። ተነፈሰ።

"ምን ቢያይ ነው እንዲህ የሆነው? ማንን ነው የሚያየው?"

"እኔን" አልኩት። "አንተን እያማሁ ነበር።"

ሊስቅ ነበር። ከንፈሩ ጀምሮ ተወው። ፊቴን አየ። ካሜራ አልያዝኩም፣ ምንም አልያዝኩም።

"ምን ብለሽ?"

ነገርኩት። እዛው፣ ሰው መሃል፣ ድምፄን ሳልጨምር። መብራቱን፣ ሠርጉን፣ አልበሙን፣ ሽቦውን። ያቋርጠኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላቋረጠኝም። ከኋላችን ሰዎች በፎቶው ፊት እየቆሙ ያልፋሉ። ሻዩ እጁ ላይ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።